የማን ልጅ ናት?

አማርኛ አስተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ሞጣ። ተማሪዎቼ ያልሰማሁ መስሏቸው «ምሥራቅ ግሥ» ይሉኛል። አልቆጣም፤ ግሥ ሲበላሽ እውነትም ያንገበግበኛል። አባቴ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ስለነበሩ «ቃል ሰው ይገድላል፣ ተጠንቀቂ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ልጅ ሳለሁ የሽማግሌ ማጋነን ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛው ፅንሴ በጨነገፈ ጊዜ ግን የሰፈሩ ግማሹ «አስወረዳት» ሲል ግማሹ «አስወረደች» አለ። አንደኛው መዓት መጣባት ማለት ነው፤ ሌላኛው በገዛ እጇ ገደለችው ማለት ነው። ልዩነቱ የቃሉ ጭራ ላይ ብቻ ነው። አንዷን ወፍጮ ቤት አግኝቻት በሰው መሀል «እህቴ፣ ግሥሽን አስተካክይ» አልኳት። ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች፤ ግሡን ታስተካክል አታስተካክል እንጃ።

እኔ የማወራው ግን ስለ መጀመሪያዋ ነው።

እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ለመጀመሪያ ልጄ ልታረስ የሄድኩት ቢቸና፣ አማቴ ቤት ነበር። አማቴ እማማ ፋንታነሽ ይባላሉ። ሲሄዱ ምድሩ የሚሰማቸው፣ ቁጡ፣ እጃቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ስምንተኛው ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ልጄ መራገጧን ተወች። የምርመራ ክፍሉ ውስጥ አዋላጇ መሣሪያዋን ሆዴ ላይ ከወዲያ ወዲህ ስታዘዋውር ቆየችና ፊቷን አዙራ መሣሪያዋን ሰበሰበች። አሰባሰቧ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ማማጥ ነበረብኝ። ይህን ማንም ለማንም አይናገርም፤ የሞተ ልጅም ምጡ ያው ምጥ ነው።

ልጄ ስትወጣ ክፍሉ ጭር አለ። ቀና ስል እማማ ፋንታነሽ በነጠላቸው የጠቀለሉትን ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

«አሳዩኝ፣ እማማ» አልኩ።

«አታይያትም» አሉ ሳይዞሩ። «ያዩትን አይረሱትም። ያላዩት ግን ይረሳል።»

ይዘዋት ወጡ። ባሌ ሽታሁን ከአጎቱ ጋር ሆኖ ቀበራት። የት እንደሆነ ስጠይቀው «አጥሩ ጥግ» ይለኛል፤ የቱ አጥር፣ የቱ ጥግ ብለው አንድ ሥራ አስታውሶ ይነሳል። ሽታሁን ክፉ ሰው አይደለም። ግብርና ቢሮ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ሲናገር ውሎ አይደክመውም፤ ሐዘን ሲነሳ ግን ሰውዬው ግቢ ውስጥ ሚስማር ፍለጋ ይገባል።

ድንኳን አልተጣለም፤ ንፍሮ አልተቀቀለም። ክርስትና ላልተነሳች ልጅ አይለቀስም ተባለ። ጡቴ ግን ይህን ሥርዓት የነገረው ስላልነበረ ወተት ሞላ። ጎረቤት እየገባ «እንኳን አንቺን አተረፈሽ» ይለኛል። «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ።» «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።» «እንዳልወለድሽ ቁጠሪው።» ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ «እግዜር ያጥናሽ» ቢለኝ እግሩን እስም ነበር። አንድም አልተገኘ። ጡቴን በመቀነት አስሬ ወደ ሞጣ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቢቸናን ረግጫት አላውቅም።

ሦስተኛዋን ሳረግዝ ለማንም አልተናገርኩም፤ ደሙ ተናገረብኝ። ሐኪሙ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ ለስላሳ ልጅ ነው፤ «እንግዴ ልጁ የማህፀንሽ አፍ ላይ ተኝቷል፤ ተኝተሽ መክረም አለብሽ» አለኝ። እንግዳ ሆኖ መጥቶ በር ላይ የሚተኛ አየሁ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል የሚባልበት ሰሞን ስለነበር ባሕር ዳር ሂጂ ቢሉኝ እንኳ መድረሴን ማን ያውቃል። ሽታሁን የአልጋውን ግርጌ በብሎኬት ከፍ አደረገልኝና ጣሪያ እያየሁ መኖር ጀመርኩ። ደሙ ይመጣል፣ ይቆማል። በመጣ ቁጥር አሁን አለቀ እላለሁ። በቆመ ቁጥር ደስ ይለኝና ደስ ማለቴ ራሱ ያስፈራኛል።

በዚያ ዘመን ያኖረችኝ ሙኒያ ናት። ግድግዳ እንጋራለን። ባሏ ሰይድ ገበያው ዳር ጨርቅ ይነግዳል፤ አባቱም አያቱም እዚሁ ሞጣ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። ሙኒያ በየቀኑ የአጃ ሾርባዋንና የሰፈሩን ወሬ ይዛ ትገባለች፤ ከሾርባው ወሬው ይሞቃል። አንድ ቀን አልጋዬ ሥር ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ስለ ልጆቿ ስታወራ «አምስት ናቸው፤ አራቱ ቤት፣ አንዱ አኼራ» አለች።

«የቱ ነው የሞተው?» አልኳት።

«ሙሐመድያሲን። ሐናንን ሳልወልድ በፊት። በሰባት ወሩ ሞቶ ተወለደ።»

«ስም አወጣችሁለት?»

ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደ መገረም። «ሼኹ ስም አውጡለት አሉ። ታጠበ፣ ተከፈነ፣ ተቀበረ። ሰይድ ጁምዓ ጁምዓ ሲመቸው ይዘይረዋል። ልጄ አይደል እንዴ?»

ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። በሰው ሀብት ቀንቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን በሰው መቃብር ቀናሁ። ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር ነርሷ «ልጅ አለሽ?» ትለኛለች፣ እኔም «የለኝም» እላለሁ። ግሡ ትክክል ነው፤ የአሁን ጊዜ ነው፣ አስተማሪ ቢያርመው ስህተት አያገኝበትም። «ነበረሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እያንዳንዷን «የለኝም» ይዤ ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር የሰረቅሁ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደሙ አልቆም አለ። ሰይድ ሱቁን ክፍት ጥሎ ባጃጅ እየጎተተ መጣ። የቀረውን አላስታውስም፤ ቀደውኛል፣ ደም ሰጥተውኛል። ስነቃ ሙኒያ አጠገቤ ናት።

«ሴት ናት» አለችኝ። «ትጮኻለች፣ እልልል! ያንቺ ነገር፣ ከአሁኑ ሰው ታርማለች።»

ጉልበት ስላልነበረኝ በዓይኔ ብቻ አለቀስኩ። ልጅቷ እፍኝ የማትሞላ ነበረች። ማሞቂያ ውስጥ ከረመችና ሰጡኝ፤ ይዤያት ቤቴ ገባሁ። ጎረቤት ገንፎ ይዞ ጎረፈ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ቤቱን ሞላው። እኔም «ማርያም ታኑራችሁ» እላለሁ፤ ዓይኔ ግን የልጅቷ ደረት ላይ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ጡቴን ትይዝና ሁለቴ ስባ ትተኛለች። ነርሷ «ትለምዳለች፣ ታገሺ» ብላኛለች። የታገሥኩት አላልቅ ብሎኝ እንጂ መታገሥስ አውቅ ነበር።

እማማ ፋንታነሽ መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቢቸና መጡ። ቅቤያቸውን በቅል ይዘዋል። እኔን ሳሙኝ፤ ልጅቷን አልሳሟትም። ጎንበስ ብለው አዩዋትና «ይቺ የሰው ልጅ ትንሽ ናት» አሉ።

«የልጅዎ ልጅ ናት እኮ፣ እማማ።»

«ዝም በይ!» አሉና በሩን ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ላይ ያለው ሾተላይ ነው። ሁለቱን በላ፣ ይችን ሊበላ ነው። አትጠባም አላሉሽም?»

«ሾተላይ እኮ የደም ነገር ነው። ተመርምሬያለሁ፣ የለብኝም።»

«ደምሽን እነሱ ያውቁታል፤ ሾተላዩን እኔ አውቀዋለሁ። ጆሮ አለው። ‹ልጄ› ሲባል ይሰማል፤ ሰምቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ትክጃታለሽ።»

ነገሩን አስረዱኝ። በቤታቸው ከእናት ለልጅ የወረደ ልማድ ነው። የሌላ ሃይማኖት ሰው ልጅቷን በጓሮ በር ይዞ ይወጣል፤ ዞሮ በፊት በር ይመጣና የወደቀ ልጅ እንዳገኘ ሰው «ይህች የማን ልጅ ናት?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። እናት ሦስቱንም ጊዜ «አላውቃትም፤ የኔ አይደለችም» ትላለች። ያ ሰው «እንግዲያ የኔ ናት፤ አሳድጉልኝ» ብሎ ይሰጣታል። ሾተላይም የሰው ልጅ ነው ብሎ ይተዋታል። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ የወተት ጥርሷን እስክትነቅል ድረስ እናቷ «ልጄ» አትላትም።

«እኔን እናቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያተረፈችኝ» አሉ። «ከኔ በፊት የነበሩትን ሁሉ ቀብራ። ስሜን አታዪም? በእነሱ ፋንታ የመጣሁ ነኝ።»

«ታዲያ እናትዎ ‹ልጄ› ሲሉዎት ምን ተሰማዎት?»

የቅሉን ክዳን ይታገሉ ጀመር። «አላለችኝም። ጥርሴን ሳልነቅል ሞተች» አሉ።

ያን ጊዜ መጮህ አልቻልኩም እንጂ መጮህ ነበረብኝ። ማታ ሽታሁንን «አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«ቃል ብቻ እኮ ነው፣ ምሥራቅ። ምን ይጎዳል?»

ለአማርኛ አስተማሪ «ቃል ብቻ ነው» ይላታል! ልመልስለት ስል ልጅቷ ጡቴን ለቀቀች፤ አፏን ከፍታ፣ እንደደከመው ሽማግሌ። ባነቃቃት፣ እግሯን ብኮረኩራት አልይዝ አለች። ብቻ ትኑር እንጂ እንኳን ይህን ሌላም እላለሁ አልኩ። ሰው በጭንቅ ጊዜ ብልህ አይደለም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነኝ።

ለሙኒያ ሲነገራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባቴ ቢሰሙ ሽርክ ነው ብለው ዓይኔን አያዩም!»

«አባትሽም አይስሙ፣ የኛም የንስሐ አባት አባ ወልደ ኪዳን አይስሙ» አሏት እማማ ፋንታነሽ። «ሁለቱም ያወግዙናል። እግዜር እንደሁ የእናትን ነገር ያውቃል።»

ሙኒያ ወደኔ አየች። ዓይኔን ሰበርኩ። «በይ እሺ» አለች፤ «ግን እኔ ያገኘሁትን ዕቃ የምመልስ ሴት መሰልኳችሁ?» ሳቅን፤ ከብዙ ቀን በኋላ የሳቅሁት ያኔ ነው። ስፌቴ አመመኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሆነ። እማማ ፋንታነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ፊቴን ወደ በር አድርገው አስቀመጡኝና ከጎኔ ቆሙ። ሽታሁን ግድግዳ ተደግፏል፤ ዛሬ ግቢ መውጣት ተከልክሏል። ሙኒያ ልጅቷን አቅፋ በጓሮ ወጣች። ክንዴ ባዶ ቀረ። ይህ ባዶነት እንግዳ አልነበረም፤ አውቀዋለሁ፣ ቢቸና ተዋውቀናል።

በሩ ተንኳኳ። ሙኒያ ደፉ ላይ ቆማ፣ የሱቅ ድምጿን አውጥታ «ይህች የማን ልጅ ናት?» አለች። ሳቋን መያዟ ያስታውቃል።

«አላውቃትም፤ የኔ አይደለችም» አልኩ።

«ይህች የማን ልጅ ናት?» አሁን ሳቁ የለም። ልጅቷ ከነጠላው ውስጥ እንደ ጫጩት አንድ ድምፅ አሰማች።

«አላውቃትም» አልኩ። «የኔ አይደለችም።» የራሴን ድምፅ ስሰማው ደነገጥኩ። ድምፁ ለነርሷ «የለኝም» የምለው ድምፅ ነው፤ ያው ቁርጥ ያለው፣ ያው የለመደው። አንደበቴ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርቶት ኖሯል!

ሙኒያ ሦስተኛውን ለመጠየቅ ዘገየች። ፊቴን እያየች ነበር። «ይህች... የማን ልጅ ናት?» አለች፣ በሹክሹክታ።

ነጠላው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«በይ እንጂ!» አሉ እማማ ፋንታነሽ።

«የኔ ናት።»

መዳፋቸውን አፌ ላይ ጫኑት። ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እጃቸውን ይዤ ከአፌ አነሳሁት፤ በአማቴ ላይ እጄን ሳነሳ የመጀመሪያዬ ነው።

«የኔ ናት!» አልኩ። «ይስማ ሾተላዩ፣ ጆሮ ካለው ይስማ። ያቺኛዋም የኔ ናት። እንዳልወለድሽ ቁጠሪው አላችሁኝ፣ እሺ ብዬ ቆጠርኩት። ልጅ አለሽ ሲሉኝ የለኝም አልኩ። አንድ ልጄን ክጃለሁ፣ ሁለተኛ አልክድም! ያቺን አልቀበርኳት፣ አላለቀስኩላት፤ እርስዎ ፊቷን እንኳ ወሰዱብኝ፣ እማማ። ፊቷን!»

እማማ ፋንታነሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፣ እንደ ተቆረጠ ነገር። ከፈራሁት ሁሉ የፈራሁት እርግማናቸውን ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መዳፋቸውን ያያሉ።

«ፀጉር ነበራት» አሉ።

«ምን?»

«ፀጉር። ጥቁር፣ ብዙ፣ ግንባሯ ድረስ የወረደ። ጣቶቿ የሽታሁን ናቸው፣ ረጃጅም። አገጯ ላይ እንዳንቺ ስርጉድ አለባት።» መዳፋቸውን ገለበጡ። «ውሃ አሙቄ አጠብኳት። ሴቶቹ ለምን ታሞቂያለሽ አሉኝ። እንዳይበርዳት አልኳቸው።»

ሽታሁን ከግድግዳው ጋር ወርዶ ቁጢጥ አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

«አንቺ ትርሺ ብዬ ነው እንጂ እኔ መች ረሳሁ» አሉ እማማ ፋንታነሽ። «በሄድኩበት ትከተለኛለች። የኔ ቆንጆ። የኔ...» ሰባ ዓመት ሙሉ ያልተባሉትን ቃል መናገር አቃታቸው፤ ደረታቸውን በቡጢ መቱና ጮኹ።

እኔም ጮኽኩ። ከሆዴ ነው የመጣው፣ ከስፌቱ ሥር። ለሦስት ዓመት በመቀነት ያሰርኩት ሁሉ ተፈታ። አለቀስኩ ማለት አይበቃም፤ ለቅሶ ተቀመጥኩ፣ እንደ ሰው፣ እንደ ማንኛዋም ልጅ የሞተባት እናት። እማማ ፋንታነሽ ጭኔን ይዘው፣ እኔ አንገታቸውን ይዤ።

በሰፈራችን እንዲህ ያለ ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። አራሷ ቤት፣ የማትጠባ ጨቅላ ያለችበት ቤት ነው፤ ሰው ነገሩን ለመገመት ጊዜ አልፈጀበትም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ሊጥ በእጃቸው እንደያዙ እየሮጡ ገቡ። ከፊት ባንቺዓለም ናት፤ በእድራችን ለቅሶ የምታወጣ፣ ሟቹን በስሙ እየጠራች ሰውን ሁሉ የምታስለቅስ ሴት ናት። ደፉን እንደረገጠች «ወየው የኔ እናት!» ብላ ጀመረችና ቆመች። በሩ አጠገብ ሙኒያ ቆማለች። እቅፏ ውስጥ ልጅቷ በግርግሩ ተናዳ፣ ቀልታ፣ ሳንባዋን ከፍታ ትጮኻለች። እንደዚያ ስትጮኽ ሰምተናት አናውቅም ነበር።

ባንቺዓለም ልጅቷን አየች። እኔን አየች። ወለሉ ላይ የተቀመጡትን እማማ ፋንታነሽን አየች። ከኋላዋ ሴቶቹ እየተገፋፉ «ደህና ናት እኮ!»፣ «ደህና አይደለችም እንዴ?» ይባባላሉ። አንዷ «እንኳን ማርያም...» ብላ ጀምራ ዋጠችው።

«ማን ሞተ?» አለች ባንቺዓለም።

«ልጄ» አልኩ።

እንደገና ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ግራ ተጋባች። ሙኒያ መጥታ ልጅቷን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ያዝኳት። ሌላኛውን እጄን እማማ ፋንታነሽ አልለቀቁትም።

«የመጀመሪያዋ ልጄ» አልኩ። «ቢቸና የሞተችው።»

አንዳቸውም «እሱማ ቆየ» አላሉም። አንዳቸውም ስለ ክርስትና አላነሱም። ባንቺዓለም ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወለሉ ላይ፣ ከእማማ ፋንታነሽ ጎን ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ።

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ጠበቀች። ለቅሶ ለማውጣት ስም ያስፈልጋታል። «ስሟን ማን ልበል?» አለች።

ሽታሁን ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደሌላት ነበር የሚያውቀው። እኔ ግን ቢቸና ሆዴ ላይ እጄን አድርጌ ስትራገጥ ያወጣሁላት፣ ለእሱም፣ ለማንም፣ ለራሴም በድምፅ ብዬው የማላውቅ ስም ነበረኝ።

«ጸደንያ» አልኩ።